አጥኚና አርታኢ በአንድ ቢጋር፦ ላልተማከለ አስተዳደር ፕሮግራም አማካሪ ሲቀጥሩ

በጀት የማስተዳደር ሥልጣን ወደ ወረዳ መውረድ የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደንግጎ ስለነበር፣ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና የቀድሞው ደቡብ ክልል ለወረዳዎቻቸው ጥቅል ድጎማ መስጠት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አሠራሩን የሚደግፉ የእርዳታ ፕሮግራሞች ተከታትለው መጥተዋል። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለፌዴራል መንግሥቱ በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ ሲያቋርጡ፣ በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ገንዘቡን በክልል በኩል ወደ ወረዳ የሚያወርድ መንገድ ሆነ፤ በጎኑም የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ተቋቋመ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ጥናት ያስጠናል፣ ሪፖርት ያሳትማል፣ ለሁለቱም አማካሪ ይቀጥራል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ቅጥሩ በእጅዎ ላለ ለእርስዎ ነው፤ የፕሮግራም አስተባባሪም ይሁኑ፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያም ይሁኑ፣ በክልል ፋይናንስ ቢሮ የፕሮጀክት ኃላፊም ይሁኑ። የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ቀጥሎ የሚመጡት ደረጃዎች ሁሉ ከእሱ ይመነጫሉ። አጥኚውንና አርታኢውን በአንድ ቢጋር፣ በአንድ ጊዜ ይቅጠሩ፤ የሁለቱም የመጀመሪያ አንባቢ የተጠናው ወረዳ ይሁን።

የተለመደው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። አጥኚ ይቀጠራል፤ ወራት ቆይቶ ከመቶ ገጽ የሚበልጥ ረቂቅ በእንግሊዝኛ ያስገባል፤ ውሉ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ቋንቋውን የሚያይ ሰው» ይፈለጋል። በዚያ ሰዓት የመጣ አርታኢ ሊያስተካክል የሚችለው ሥርዓተ ነጥብና ሰዋስው ብቻ ነው። ሠንጠረዡና ጽሑፉ የማይስማሙበትን ቦታ ቢያገኝ እንኳ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ተበትነዋል፤ አጥኚውም ሌላ ሥራ ጀምሯል። አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱን ቢደርስበት ተመልሶ የሚጠይቅለት የለም። ስለዚህ ሪፖርቱ ከነስንጥቁ ይታተማል። ወረዳውም ሠራተኞቹን አሰልፎ መጠይቅ ያስሞላበት ጥናት ምን እንዳገኘ ሳይሰማ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቡድን ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ የሚያገኘው መልስ የተሰላቸ ሰው መልስ ነው። ጉዳቱ የአንድ ሪፖርት ጉዳት ሆኖ አይቆምም፤ የሚቀጥለውን ጥናት መረጃም ያበላሻል።

የጽሑፉና የሕትመቱ ሥራ ከጥናቱ እኩል የሚመዝን ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ የምናገኘው ከኡጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 በነበሩት ዓመታት መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ከመደበው የሥራ ማስኬጃ ድጎማ ውስጥ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ እንደነበረ፣ ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሰን ገንዘቡን ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከትለው አሳዩ። ቀሪው በመካከለኛው የአስተዳደር እርከን ላይ ይቀር ነበር። ከዚህ በኋላ መንግሥት በየወሩ የሚልከውን ገንዘብ መጠን በጋዜጣና በሬዲዮ ይፋ ማድረግ ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግድግዳቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። እ.ኤ.አ. በ2001 በመንገድ የሚቀረው ከ20 በመቶ በታች ወርዶ ተገኘ። ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ ተነሥተው፣ በእነዚያው ዓመታት የበጀትና የትምህርት ማሻሻያዎችም ስለተካሄዱ ለውጡን ሁሉ ለጋዜጣው ማስታወቂያ መስጠት አይገባም ብለዋል። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፤ የጋዜጣው ድርሻ ስንት እንደሆነ መከራከር ይቻላል። የማያከራክረው ግን ቁጥሩ ከባለሙያዎች ክበብ ወጥቶ ለወላጅና ለመምህር መድረሱ ነው። አንድ ቁጥር ነበር፣ ማንም ይረዳዋል፣ ቀጥሎ ማን መጠየቅ እንዳለበትም ያመለክታል። በአንድ ሪፖርት አባሪ ውስጥ ተቀብሮ ቢቀር ኖሮ እውነትነቱ ባይቀንስም ገንዘቡን የሚከታተል ወላጅ ባላገኘ ነበር። አንባቢውን አስቦ ቁጥሩን ከአባሪ የሚያወጣ ባለሙያ አርታኢ ይባላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ቢጋር ከመጻፍዎ በፊት ጥያቄውን ይቁረጡ። «በክልሉ ያልተማከለ አስተዳደር ያለበት ሁኔታ ዳሰሳ» የሚል ርዕስ ሁሉንም ይነካል፣ አንዱንም አይጨብጥም። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል በዘርፉ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ይህን ለመስማት አማካሪ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው። «ከደመወዝ በኋላ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ስንት ነው? በየትኛው ወር ይደርሳል? ሲዘገይ ክፍተቱን የሚሸፍነው ማን ነው?» ብለው ከጠየቁ ግን አጥኚው የትኛውን ጽሕፈት ቤት አንኳኩቶ የትኛውን መዝገብ እንደሚገልጥ ያውቃል። ጥያቄውን ሲቆርጡ ታዲያ ሆን ብለው የተዉትንም በግልጽ ይጻፉት፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ዋጋ ያስከፍላልና። የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ራሱ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከጋምቤላ የተሰደዱ አኙዋኮች በ2005 ዓ.ም. ለዓለም ባንክ የምርመራ ፓነል አቤቱታ አቀረቡ፤ ፕሮግራሙ በክልሉ ይካሄድ ከነበረው የመንደር ማሰባሰብ ጋር የተያያዘ ነው የሚል ነበር። ፓነሉ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ክሶቹን ማጣራት የሥራው ወሰን እንዳልሆነ ገልጾ፣ በ2007 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ሪፖርቱ ባንኩ በሁለቱ መካከል ያለውን የአሠራር ትስስርና ከዚያ የሚመጣውን አደጋ በበቂ ሁኔታ እንዳልመዘነ ደመደመ። ደመወዙ በፕሮግራሙ ገንዘብ የሚከፈለው የወረዳ ሠራተኛ ከመንደር ማሰባሰቡ ጋር ምን ሥራ አለው? ይህን ጥያቄ በቢጋር ላይ ለማስፈር አንድ መስመር ይበቃል።

ሁለተኛው ሥራ ቢጋሩን መጻፍ ነው፤ ከአምስት ገጽ ባይበልጥ እመርጣለሁ። ጥያቄው፣ የሚጠኑት ወረዳዎች፣ የሚፈለጉት ውጤቶች፣ የጊዜ ሰሌዳውና የእያንዳንዱ ባለሙያ ኃላፊነት ከሠፈሩ ሌላው ጌጥ ነው። በአርታኢው ድርሻ ላይ ግን ይቆዩ፤ ብዙ ቢጋር የሚወድቀው እዚያ ነው። አርታኢው ከአጥኚው ጋር በመነሻው ስብሰባ እንደሚገኝ፣ መጠይቁ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት እንደሚያነበው፣ ከመስክ የሚመጣውን የመጀመሪያ ማስታወሻ እንደሚያይ፣ ሪፖርቱን ደግሞ በሁለት ቅርጽ እንደሚያዘጋጅ ይጻፉ፤ አንዱ ለለጋሹ የሚሄደው ሙሉ ሪፖርት፣ ሌላው ከስምንት ገጽ ያልበለጠ በወረዳው የሥራ ቋንቋ የሚጻፍ እትም። ሁለተኛው እትም የመጀመሪያው ትርጉም መሆን የለበትም። ለወረዳ ምክር ቤት አባልና ለቀበሌ ሥራ አስኪያጅ የሚጻፍ ጽሑፍ ሌላ መነሻ፣ ሌላ ቅደም ተከተል አለው፤ የዋሽንግተን አንባቢ የሚፈልገው የዘዴ ማብራሪያ እዚህ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ የወረዳው የራሱ ቁጥር ከፊት ይመጣል።

እዚህ ላይ የገንዘብ ያዡ ተቃውሞ ይነሣል፤ ረቂቅ ሳይኖር አርታኢ ምን ይሠራል? ያለ ሥራ ለሚቀመጥ ሰው ለምን እንከፍላለን? መልሱ በቀን ቆጠራ ይገኛል። በስድስት ወር ውል ውስጥ አርታኢው በየቀኑ አይሠራም፤ ለምሳሌ ከ30 የሥራ ቀን ውል ውስጥ 3ቱን ለመነሻ ስብሰባውና ለመጠይቁ፣ 3ቱን ለመስክ ማስታወሻዎቹ፣ ቀሪዎቹን 24 ቀኖች ለሁለቱ እትሞች መመደብ ይቻላል። በመጨረሻ ሰዓት ቢቀጠር ኖሮም እነዚያን 24 ቀኖች መክፈልዎ አይቀርም ነበር። ተጨማሪው ወጪ ስድስት ቀን ነው። በእነዚያ ስድስት ቀኖች አርታኢው «ይህ ጥያቄ ሁለት ነገር በአንዴ ይጠይቃል»፣ «ይህ ቃል በዚህ ዞን ሌላ ትርጉም አለው» የሚል አንድ እርማት ቢያመጣ፣ አንድ የመኪና ኪራይና የመረጃ ሰብሳቢዎች የውሎ አበል ለሁለተኛ ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

የጊዜ ሰሌዳውን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ይቁጠሩት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። ስለ ወረዳ በጀት የሚናገር ጥናት በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ከደረሰ ጥቅሙ ለአንድ ዓመት ይዘገያል። የወረዳው እትም በሚያዝያ እንዲደርስ ከፈለጉ ረቂቁ በየካቲት ማለቅ አለበት፤ መስኩ በታኅሣሥና በጥር ይሆናል፤ ቅጥሩ በጥቅምት ማለቅ ይኖርበታል ማለት ነው። በደጋው አገር ኅዳር ገበሬው አዝመራ የሚሰበስብበት ወር ስለሆነ በዚያን ጊዜ የቡድን ውይይት መጥራት ሰዎችን ከአውድማ ማስነሣት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ መንገዱ በዝናብ ይዘጋል። ለጋሹ የራሱን የበጀት ዓመት ተከትሎ «እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ገንዘቡ ይለቅ» ቢል፣ የመስክ ሥራውን ከማጣደፍ ይልቅ የክፍያውን ደረጃ ማስተካከል ይሻላል።

ቀጥሎ የአመራረጡን ዘዴ ይወስኑ። የሚመሩበት ደንብ በገንዘቡ ምንጭ ይለያያል፤ የመንግሥት ገንዘብ ከሆነ የፌዴራል ወይም የክልል የግዥ ሕግ ይገዛዋል፣ የዓለም ባንክ ገንዘብ ከሆነ የባንኩ የግዥ ደንብ። በሁለቱም በኩል ጥራትንና ዋጋን አንድ ላይ መመዘን ይቻላል፤ ለጥናት ሥራ ለቴክኒክ ፕሮፖዛሉ 80፣ ለዋጋው 20 ነጥብ መስጠት የተለመደ ነው፤ እኔም ከዚያ እንዳይወርዱ እመክራለሁ። በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ የተመረጠ አጥኚ የሚቀንሰው የመስክ ቀኖችን ነው፤ ከአሥር ወረዳ አራቱን በስልክ ይጨርሳቸዋል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ሁሉም እኩል ይታያሉ። ድርጅት ወይስ ግለሰብ የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስጨንቅዎ። ሦስትና አራት ወረዳ ከሆነ አንድ ልምድ ያለው ግለሰብና አንድ አርታኢ ይበቃሉ፤ ቢያንስ የሦስት ሰዎችን ብቃት አነጻጽረው ይምረጡ። በብዙ ክልሎች የሚካሄድ መጠነ ሰፊ ጥናት ከሆነ ድርጅት ያስፈልጋል፤ ያኔ በፕሮፖዛሉ ላይ ስማቸው የተጻፈው ባለሙያዎች ራሳቸው መስክ የሚወጡ መሆናቸውን በውሉ ያስሩ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆነ የተቋሙን የፈቃድ ደብዳቤ ይጠይቁ። ፕሮግራሙን የነደፈ ሰው እንዲገመግመው አይፍቀዱ፤ ሙያው የቱንም ያህል ቢከበር የራሱን ሥራ መመዘን ለማንም ከባድ ነው።

አጥኚውን በቃለ መጠይቅ ሲፈትኑ ስለ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ስለ አካፋይ ቁጥር ይጠይቁት። «የወረዳውን የነፍስ ወከፍ በጀት ስታወጣ የሕዝቡን ቁጥር ከየት ታመጣለህ?» ይበሉት። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት የወረዳ ቁጥሮች ሁሉ ከእሱ የተነሡ ትንበያዎች ናቸው። ይህን ሳይጠቅስ እስከ አንድ ሰው ድረስ የተቆጠረ የሚመስል አኃዝ የሚሰጥ ዕጩ በሪፖርቱም እንዲሁ ያደርጋል። ቀጥለው ስለ ወሰን ይጠይቁ። ወረዳዎች እየተከፈሉ ቁጥራቸው ጨምሯል፤ የቀድሞው ደቡብ ክልል ደግሞ ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ በሚሉ አራት ክልሎች ተከፍሏል። የ2008ን በጀት ከ2016ቱ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሁለቱ አኃዞች የአንድ መሬትና የአንድ ሕዝብ መሆናቸውን እንዴት እንደሚያረጋግጥ ያስረዳዎ። ሦስተኛው ጥያቄ ቋንቋ ነው። «አማራ ክልል ስለሆነ በአማርኛ ይበቃል» የሚል አጥኚ አዊን፣ ዋግ ኽምራንና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን ረስቷል፤ በአዊኛ፣ በኽምጥኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጠይቅ ሰው በቡድኑ ከሌለ የሚሰማው ከተማ የሚመላለሰውን ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ቀድሞ የጻፈውን የታተመ ሪፖርት ብቻ አይዩ፤ መጠይቁንና የተጠቀመበትን የመረጃ ሠንጠረዥ፣ የሰዎች ስም ወጥቶለት፣ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የታተመ ሪፖርት የብዙ እጆች ሥራ ነው፤ መጠይቅ ግን የጠያቂውን አእምሮ ያሳያል።

ጠንካራ ዕጩ ከፊትዎ ሲቀመጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ይጨምሩ። በኡጋንዳ 50 ጤና ተቋማት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ነዋሪዎች የጤና ሠራተኞችን እንዲከታተሉ መደረጉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሦስተኛ ያህል እንደቀነሰ ዘግቦ ነበር። ከዓመታት በኋላ እዚያው አገር ከ300 በላይ በሚሆኑ ጤና ጣቢያዎች ተመሳሳይ ሥራ ሲሞከር ያ ውጤት አልተደገመም። «የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራማችን ውጤት አለው ወይስ የለውም ብለህ ከመጻፍህ በፊት ከእነዚህ ሁለት ጥናቶች ምን ትወስዳለህ?» ይበሉት። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ወይም አንዱን ብቻ የሚወድ ሰው የርስዎንም መረጃ ወደሚወደው ጎን ሊያጋድለው ይችላል።

አርታኢን በሕይወት ታሪክ ወረቀት መምረጥ አይቻልም፤ ፈተና ያስፈልጋል። አራት ገጽ ረቂቅ ያዘጋጁ፤ ሆን ብለው ስሕተት ይትከሉበት፤ ለዕጩዎች የአንድ ቀን ክፍያ ሰጥተው ያሳርሟቸው። የመጀመሪያው ወጥመድ ዘመን ይሁን፤ የ2010 በጀት ዓመት በአውሮፓውያኑ ከጁላይ 2017 እስከ ጁላይ 2018 ነው፤ ረቂቁ በአንድ ቦታ «2017» በሌላ ቦታ «2018» ብሎት ይለፍ። ሁለተኛው ድምሩ 104 የሚመጣ የመቶኛ ሠንጠረዥ፣ ሦስተኛው ሠንጠረዡ «ቀነሰ» ሲል ጽሑፉ «ጨመረ» የሚልበት ዓረፍተ ነገር። እነዚህን ጥንቁቅ ሰው ሁሉ ያገኛቸዋል። አርታኢ የሚለየው በአራተኛው ነው። «ውይይት ተካሂዷል፣ አቅጣጫ ተቀምጧል፣ የአቅም ውስንነት ተስተውሏል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። በመሥሪያ ቤት አማርኛችን አድራጊው የሚጠፋው በዚህ መልክ ነው፤ ማን ተወያየ፣ ማን ምን ታዘዘ፣ የማን አቅም ነው የተወሰነው? ስለ ተጠያቂነት የሚጻፍ ሪፖርት አድራጊውን በግሡ ውስጥ ከደበቀ ርዕሱን ከድቷል። ይህን አንቀጽ አስምሮ «ማን?» ብሎ በኅዳጉ የሚጽፈውን ዕጩ ይቅጠሩ። ቃላት ላይም ይፈትኑት። «ተጠያቂ» ለፕሮግራሙ ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ማለት ነው፤ በገበሬው ጆሮ ግን ወንጀለኛ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ በወረዳው እትም «መልስ የመስጠት ግዴታ» ብሎ መክፈት ይገባል። «ጥቅል ድጎማ»፣ «የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ» የሚሉትን እንዴት አድርጎ በሁለት መስመር እንደሚያስረዳ ያጽፉት። ጥሩ ተርጓሚ ያገኘውን ዓረፍተ ነገር በታማኝነት ያሻግራል፤ እዚህ የሚፈለገው ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን የሚጠይቅ ሰው ነው።

ውሉ ላይ ክፍያን በደረጃ ይክፈሉት፤ የመጨረሻውን ክፍያ፣ ከጠቅላላው አምስተኛ ያህሉን፣ የወረዳው እትም ታትሞ ከመድረሱ ጋር ያስሩት። መረጃው የማን እንደሆነ፣ የአጥኚውና የአርታኢው ስም በሕትመቱ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ይጻፉ፤ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ስለሚጠብቅ ዝም ብሎ ማለፍ በኋላ ክርክር ያመጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የመልስ ሰጪዎች ስምና ስልክ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ መወሰን ሕጋዊ ግዴታን የሚነካ ጉዳይ ነው። በትንሽ ቀበሌ «የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንዳለችው» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጥራት አይለይም፤ ይህን መያዝም የአርታኢው ሥራ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የሚነሣው በነጻነት ላይ ነው። አርታኢው ከመጀመሪያው ከገባና የሚከፍለውም ፕሮግራሙ ከሆነ፣ ግኝቱን ለፕሮግራሙ በሚስማማ መልክ አያለዝበውም ወይ? ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚቀጠር አርታኢም ግን ከዚህ አይድንም። እንዲያውም መረጃውን ከምንጩ ያላየ አርታኢ «ይህ ዓረፍተ ነገር ይለዝብ» ሲባል የሚከራከርበት ነገር የለውም። መፍትሔው ሥልጣንን መለየት ነው። አርታኢው መጠየቅ፣ ማሳጠር፣ ማስተካከል ይችላል፤ ግኝትን መለወጥ የሚችለው አጥኚው ብቻ ነው፤ የፕሮግራሙ ቢሮ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተያየት ሲሰጥ በጽሑፍ ይስጥ፣ አጥኚውም ተቀብሎ ወይም ምክንያቱን ጠቅሶ ሳይቀበል በጽሑፍ ይመልስ። ይህ የልውውጥ ሰነድ ከሪፖርቱ ጋር ይቀመጥ። በቃል የሚሰጥ «ይቺን አውጧት» የሚል ትእዛዝ ቦታ የሚያጣው እንዲህ ባለ አሠራር ነው።

ስለ መስክ ሥራው በአጭሩ ልለፍ። የትብብር ደብዳቤ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ለመውረድ ቀናት ይወስዳል፤ ቡድኑ ከመነሣቱ ሦስት ሳምንት በፊት ያስጀምሩት። ወረዳው አጃቢ ቢመድብ ያመስግኑ፤ ነገር ግን በቡድን ውይይት ላይ እንደማይቀመጥ አስቀድመው ይስማሙ። ለመልስ ሰጪ የሚከፈል አበል ካለ መጠኑ ለሁሉም አንድ ይሁን። ጸጥታ በሌለበት ወረዳ መረጃ ሰብሳቢ አይላኩ፤ የተዘለለውን ወረዳ ግን በሌላ አይተኩት፤ «ያልተጠና» ተብሎ በሪፖርቱ ይጻፍ። ሰላማዊ ወረዳዎችን ብቻ አጥንቶ ስለ ክልሉ መናገር ውጤቱን ያዛባል።

የወረዳ ሰው ሪፖርት አያነብም የሚል ንግግር ይሰማል። የማያነበው የትኛውን ነው? በማይሠራበት ቋንቋ፣ ከመቶ ገጽ በላይ ሆኖ፣ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣውን ከሆነ እውነት ነው። የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የወረዳ በጀትና ወጪ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ሲያደርግ ሰው የራሱን አካባቢ ቁጥር ያነባል በሚል እምነት ነበር፤ ማንበብ ለማይችለውም በስብሰባ ይነበብለታል፣ በሬዲዮ ይነገርለታል። ለጋሹ እንግሊዝኛውን ይፈልጋል የሚለውም ክርክር ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ ሙሉው ሪፖርት ለእሱ ይሄዳል፤ ስምንት ገጹ ለወረዳው። ለጋሹ ሁለተኛውን አልከፍልም ቢል፣ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ በሚናገር ፕሮግራም ውስጥ ሕዝቡ ያልሰማው ጥናት እንዴት ውጤት ተብሎ እንደሚመዘገብ ይጠይቁት።

ቢጋሩን በዚህ ሳምንት የሚጽፉ ከሆነ፣ የአርታኢውን ኃላፊነት ከአጥኚው ኃላፊነት አጠገብ ያስፍሩት፤ በውጤቶቹ ዝርዝር ውስጥም የመጀመሪያ አድርገው «በወረዳው የሥራ ቋንቋ የተዘጋጀ እትም፣ እስከ ሚያዝያ 30» ብለው ይጻፉ።